ለሚቆጣ ቆዳ አጭር ዝርዝር፦ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው የቅባት ገበያ ሲገመገም

ሽቶ፣ ሳሙና ወይም ደረቅ ነፋስ ሲነካው ወዲያው የሚቀላ፣ የሚያሳክክና የሚላላጥ ቆዳ ያለው ሰው በመሀል አዲስ አበባ የፊት መንከባከቢያ ሊገዛ ሲወጣ ምርጫው የሰፋ ይመስለዋል። በፒያሳ ኮስሞቲክስ ቤቶች መደርደሪያ ላይ ከተለያየ አገር የመጡ ክሬሞች ተደርድረዋል፤ በቸርችል ጎዳና አካባቢ ያሉ መድኃኒት ቤቶች ደግሞ ለስስ ቆዳ የተሠሩ መሆናቸው የተጻፈባቸውን ውድ ክሬሞች ያቀርባሉ፤ ከዚህም ሌላ ከአገር ውስጥ ዕፅዋት የተዘጋጁ ቅባቶችን በብልቃጥ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች አሉ። ይህ ግምገማ በዋናነት የሚያተኩረው በእነዚህ በሦስተኞቹ ላይ፣ በተለይም ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ላይ ነው። የሱቋን ስም የማልጠቅሰው ከምስጋናው ጎን ነቀፌታም ስላለኝ ነው፤ አንባቢው መመዘኛውን ከያዘ ወደየትኛውም ተመሳሳይ ሱቅ ሊገባበት ይችላል።

መመዘኛዬ አንድ ነው፤ በዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈው የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ምን ያህል አጭር ነው? ቆዳ ሲቆጣ ጥፋተኛውን ለይቶ ለማውጣት ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት መሆን አለባቸው፤ ሠላሳና አርባ ንጥረ ነገር ያለበት ክሬም ፊትን ሲያሳክክ ግን የትኛው እንዳሳከከ የሚያውቅ የለም። ኅሊናን በሚመለከትም ነገሩ ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ያለበትን ቅባት የሚገዛ ሰው «ይህ ከየት መጣ? ማን ለቀመው? ስንት ተከፈለው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ አርባ ነገር ያለበትን የሚገዛ ሰው ግን ጥያቄውን ከየት እንደሚጀምር እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ለሚቆጣ ቆዳ የሚስማማው ቅባትና ለአካባቢም ለሠራተኛም ጉዳት የማያመጣው ቅባት ብዙ ጊዜ አንድ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፤ የማይገጥሙባቸውን ቦታዎች በየተራቸው አነሣለሁ።

በዚህ መመዘኛ ከሱቋ ዕቃዎች ሁሉ አንደኛ የሚወጣው በመስታወት ብልቃጥ የሚሸጠው የጋምቤላ ሺያ በተር ነው። የሺያ ዛፍ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኡጋንዳ በተዘረጋው ደረቅ የዛፍ ምድር የሚበቅል ሲሆን፣ በእኛ በኩል የሚገኘው የምሥራቁ ዝርያ ቅቤው ከምዕራብ አፍሪካው የለሰለሰ ነው፤ በውስጡ ያለው ኦሌይክ አሲድ የተባለ የሚያለሰልስ የስብ ዓይነት መጠኑ ከፍ ስለሚል በአዲስ አበባ የጥቅምት ብርድ እንኳ በጣት ሲነካ ይታዘዛል። ፍሬውን መልቀም፣ መቀቀል፣ ማድረቅ፣ መፈልፈልና ዘይቱን ማውጣት በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ዛፉ ተተክሎ ለፍሬ እስኪደርስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስድበታል፤ በዚህ የተነሣ እንደ ቡና በእርሻ ተተክሎ የሚለማ ሳይሆን በዱርና በማሳ መካከል በራሱ ከበቀለው የሚለቀም ነው። አንድ ዛፍ ለከሰል ከተቆረጠ አንድ ትውልድ የሚያህል ጊዜ አብሮ ይቆረጣል ማለት ነው፤ ቅቤው ገዢ ካለው ግን ዛፉን ቆሞ የሚያቆየው ምክንያት ይኖራል። ለአካባቢ ማሰብ የሚለው ቃል በዚህች ብልቃጥ ላይ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ በክዳኑ ላይ በታተመው የቅጠል ሥዕል አይደለም።

ስለ ጥራቱም መናገር ይገባል። ያልተጣራ ሺያ በተር የጭስና የለውዝ ሽታ አለው፤ ሱቋ የምትሸጠው የተጣለለ ነገር ግን በኬሚካል ያልነጣ ስለሆነ ሽታው በስሱ ቀርቷል፤ ሽቶም አልተጨመረበትም። ፊት ታጥቦ ሳይደርቅ፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል በመዳፍ አሙቆ መቀባት ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ፊት ላይ ያብረቀርቃል፤ አቧራም ይሰበስባል፤ የኮሪደር ልማቱ ሥራ ባለባቸው ሰፈሮች ለሚመላለስ ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ብጉር የሚበዛበት ፊት ላይ ሊከብድ ስለሚችል ለእነዚያ ሰዎች ለእጅና ለእግር ቢቀር ይሻላል። ነቀፌታዬ ግን ሌላ ነው። «ከጋምቤላ የትኛው ወረዳ? ለቃሚዎቹስ በምን ሒሳብ ይከፈላቸዋል?» ብዬ ስጠይቅ ሻጯ «ከነጋዴ ነው የምንረከበው» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበራትም። መልሱ ቅን ነው፤ ይሁን እንጂ በግድግዳው ላይ «ለእናቶች ፍትሐዊ ክፍያ» ብሎ በትልቁ የጻፈ ሱቅ በመካከል ያለውን ነጋዴ ጠይቆ ማወቅ ነበረበት።

እዚህ ላይ ስለ ቫዝሊን ማንሣት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም አካባቢን እናስባለን የሚሉ ሻጮች በመጀመሪያ የሚያጥላሉት እርሱን ነው። ቫዝሊን ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ መሆኑ እውነት ነው፤ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት የተመዘገበለትም በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን ሽቶ ያልገባበት ንጹሕ ቫዝሊን አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ያለው፣ አለርጂ የማስነሣት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ የሆነ፣ ውሃ ከቆዳ እንዳይተን በመከልከል ረገድም ተወዳዳሪ የሌለው ቅባት ነው። ችፌ ያለበት ልጅ እናት ከሱቋ ወጥታ በየሰፈሩ ሱቅ በርካሽ የሚገኘውን ቫዝሊን ብትገዛ እኔ አልወቅሳትም፤ የቆሰለ ቆዳ እስኪድን ድረስ ስለ ነዳጁ የሚደረገው ክርክር ሊቆይ ይችላል።

የሱቋ ደካማ ጎን ሳሙናው ነው። ከኑግ ዘይትና ከሽፈራው የተሠራ፣ በእጅ የተቆረጠ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ውብ ሳሙና ሲሆን «ምንም ኬሚካል የሌለበት» የሚል ጽሑፍ አለበት። ይህ አባባል ትክክል አይደለም፤ ዘይት ወደ ሳሙና የሚለወጠው ከኮስቲክ ሶዳ ወይም ከመሰል አልካሊ ጋር ሲዋሐድ ብቻ ነውና። በደንብ በተሠራ ሳሙና ውስጥ ሶዳው በውሕደቱ ያልቃል፤ ይሁንና የሳሙናው ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) ከ9 እስከ 10 አካባቢ ይቀራል፤ የጤናማ ቆዳ ገጽ ግን በ5 አካባቢ ያለ አሲዳማ ነው። ጠንካራ ቆዳ ይህን ልዩነት ከጥቂት ሰዓት በኋላ ራሱ ያስተካክለዋል፤ የሚቆጣ ቆዳ ግን ይጨመደዳል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሳሙናው ለእጅና ለገላ መልካም ነው፤ ለፊት ግን አልመክረውም። ለፊት ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ብቻ ይበቃል፤ ማታ ላይ የቀኑን አቧራና ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ለማንሣት ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ፣ ሽቶ የሌለው፣ ብዙ አረፋ የማያወጣ የፊት መታጠቢያ የተሻለ ነው። አረፋ የማይበዛበትን መምረጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በባልዲ ቀድቶ የሚታጠብ ሰው በሁለትና በሦስት ጣሳ ውሃ ጥርግ ብሎ የሚታጠበውን ነገር ይፈልጋል፤ በቅጡ ያልታጠበ ሳሙና ደግሞ ራሱ የማሳከክ ምክንያት ነው።

ቶነር፣ ሴረምና የፊት ጭምብል የሚባሉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋቸዋለሁ፤ ለሚቆጣ ቆዳ አያስፈልጉም።

ስለ ዘይቶቹ ግን ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ሰውን የሚያሳስተው በእነርሱ ነው። በመደርደሪያው ላይ የጥቁር አዝሙድ፣ የጠጅ ሣር፣ የጤና አዳምና የዕጣን ዘይት በትንንሽ ጠርሙስ ተደርድሯል፤ «እህቴ፣ ከተፈጥሮ የመጣ ስለሆነ ምንም አያደርግሽም» ትላለች ሻጯ በሙሉ እምነት። ጤና አዳምን ለቡና ማጣፈጫና ለሆድ ሕመም ያላወቀ የአገራችን ሰው የለም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ፉሮኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ቃጠሎ ያለ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሊያስከትል፣ ሲድንም ጥቁር ጠባሳ ሊተው ይችላል። ሎሚ ፊት ላይ መቀባትም ከዚሁ ጉዳት የራቀ አይደለም። በጥቁር አዝሙድ ዘይት ምክንያት የቆዳ አለርጂ የደረሰባቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። የጠጅ ሣር ሽታን የሚሰጡት ሲትራልና ጄራኒዮል ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት አለርጂ ያስነሣሉ ብሎ በመለያው ላይ በስማቸው እንዲጻፉ ካስገደዳቸው የሽቶ ንጥረ ነገሮች መካከል ናቸው። ይህን ያልሁት ዕፅዋቱን ለማጥላላት አይደለም፤ ጠጅ ሣሩ በሻይ፣ ጤና አዳሙ በቡና፣ ጥቁር አዝሙዱም በዳቦ ውስጥ ቦታቸው የታወቀ ነው። ፊት ላይ ግን የተከማቸ ዘይታቸው ከፋብሪካ ሽቶ የተለየ ምሕረት የለውም።

የዕጣን ዘይትን በሚመለከት ከቆዳው ሌላ የኅሊና ጥያቄም አለ። ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኘው ዕጣን የሚደማው ከዛፉ ግንድ ነው፤ ዛፎቹ ግን በልቅ ግጦሽ፣ በሰደድ እሳት፣ በጥንዚዛና ያለ ዕረፍት በመድማት ምክንያት ወጣት ዛፍ መተካት አቅቷቸዋል። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ያለውን ዛፍ መርምሮ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። ለቡና ጭስና ለቅዳሴ የሚፈለገውን ዕጣን ለፊት ማለስለሻ ማዋል፣ ያውም ለሚቆጣ ቆዳ የተረጋገጠ ጥቅም ሳይኖረው፣ ለእኔ ቅንጦት ነው። ሱቋ ይህን ዘይት ከመደርደሪያዋ ብታነሣ ግድግዳዋ ላይ ከጻፈችው ጋር ይበልጥ ትስማማለች።

እሬትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳን ያስቆጣል፤ የሚጠቅመው በመሀል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ክፍል ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ከተለመደው የጓሮ እሬት በቀር የዱር እሬት ዝርያዎች ንግድ የመጥፋት ሥጋት ያለባቸውን ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ በሚመለከተው በዓለም አቀፉ የሳይቴስ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል፤ ስለዚህ «ከዱር የተለቀመ» የሚለው ጽሑፍ የሚያስመሰግን ሳይሆን የሚያስጠይቅ ነው። የሱቋ እሬት በድስት ከተተከለ የተወሰደ መሆኑን አይቻለሁ፤ ይህ መልካም ነው። ይሁንና ከመበላሸት የሚከላከል ነገር ያልተጨመረበትን እሬት ከፍሪጅ ውጭ አስቀምጦ መሸጥ ተገቢ አይደለም፤ ውሃ ያለበት ማናቸውም ቅባት ባክቴሪያና ሻጋታ ያፈራልና። «ማቆያ የሌለበት» የሚለው ቃል የሚያኮራው ውሃ በሌላቸው ቅባቶች ላይ ብቻ ነው።

ከሱቋ ወጥቶ ወደ ኮስሞቲክስ ቤቶቹ የሚያቀና ሰው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ቆዳን የሚያነጡ ክሬሞች አሁንም በግልጽ ይሸጣሉ። አንዳንዶቹ ሜርኩሪ፣ ሌሎቹም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊሸጡ የማይገባቸውን ክሎቤታዞልና ቤታሜታዞን የተባሉ ስቴሮይዶች ይይዛሉ። ስቴሮይዱ በመጀመሪያ መቅላቱን ስለሚያበርድ የሚቆጣ ቆዳ ያለው ሰው መድኃኒቱን ያገኘ ይመስለዋል፤ ከወራት በኋላ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታይበታል፣ ክሬሙ ሲቋረጥም ከፊተኛው የባሰ ይቀላል። ሜርኩሪው ኩላሊትን ይጎዳል፤ ፊት ሲታጠብም ከውሃው ጋር ወርዶ ወንዝ ይገባል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ከ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች፣ ከ2025 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ሜርኩሪ የተጨመረባቸው ሁሉ እንዳይመረቱም እንዳይነገዱም የከለከለው ለዚህ ነው። በዝርዝሩ ላይ «ካሎሜል» የሚል ቃል (የሜርኩሪ ውሕድ ስም ነው) ወይም «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አታነካኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ ዕቃውን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ዝርዝር ጨርሶ የሌለበትም ከዚህ አይሻልም። በአገራችን መዋቢያዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተሰጠ በመሆኑ፣ አጠራጣሪ ክሬም ያየ ሰው ለማን እንደሚያመለክት ያውቃል።

አጭሩ ዝርዝር የማያወጣን በሰንስክሪን ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ ናት፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ አየሩ ቀዝቃዛ በሆነበት ቀን እንኳ ፊት ሳይታወቀው ይቃጠላል። ለሚቆጣ ቆዳ የሚስማማው ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ሰንስክሪን ነው፤ በቆዳ ላይ ተቀምጦ ስለሚከላከል የማቃጠል ስሜት አያስከትልም። ችግሩ ጠይም ፊት ላይ አመድ የነሰነሱበት ማስመሰሉ ነው። መፍትሔው ቀለም ያለውን፣ ማለትም ብረት ኦክሳይድ የተጨመረበትን መምረጥ ነው፤ ይህ ለመልክ ብቻ ሳይሆን ማድያትን ከሚያባብሰው፣ በዓይን ከሚታየው ብርሃንም ይከላከላል። ኤስፒኤፍ (በሰንስክሪኑ ላይ የሚጻፈው የጥበቃ መጠን) 30 ከሆነ ቆዳን ከሚያቃጥለው ከአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር 97 በመቶውን፣ 50 ደግሞ 98 በመቶውን ያግዳል፤ ስለዚህ ለ50 በብዙ አስበልጦ መክፈል አያስፈልግም። ይልቁንስ በሁለት ጣት ርዝመት ያህል ለፊትና ለአንገት መቀባትና ውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ መድገም የበለጠ ዋጋ አለው።

በዚህ ረገድ የአገር ውስጥ ሱቆቹ የሚያቀርቡት የለም። ሱቋ «በሺያና በካሮት ዘይት የተሠራ የፀሐይ መከላከያ» የምትለው ዘይት የጥበቃ መጠኑ ያልተለካ በመሆኑ በምንም ምክንያት መታመን የለበትም። ከውጭ የሚመጣው ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ከብዙ ሰው አቅም በላይ ሆኗል፤ ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥም ቁጥር አልጽፍም። ስለዚህ ቱቦውን ለፊትና ለአንገት ብቻ ቆጥቦ፣ ሌላውን የሰውነት ክፍል በረጅም እጅጌ፣ በነጠላና በጃንጥላ መከላከል ያዋጣል። ጃንጥላ የያዘች ሴት በቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ስትወርድ ማየት ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም፤ ቆሻሻ የማይተው መከላከያም ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሱቋ ከሁሉም የምትበልጠው በማሸጊያዋ ነው። ባዶ ብልቃጥ መልሶ ላመጣ ሰው ሺያውን በሚዛን መዝና ትሞላለች፤ የብልቃጡንም ዋጋ ትቀንሳለች። ፌስታል አትሰጥም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የፕላስቲክ ጠርሙስ ቢያንስ በቆራሌው በኩል ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል፤ ሰንስክሪን የሚመጣበት ለስላሳ ቱቦ ግን ቆራሌውም ስለማይወስደው መጨረሻው ቆሼ ነው። የእንስሳት ምርመራን በተመለከተ፣ ከውጭ በሚመጡት ላይ የሚዘልለውን ጥንቸል ምልክት መፈለግ ይቻላል፤ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በእንስሳት ላይ የተፈተኑ መዋቢያዎችን መሸጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው። ለጋምቤላው ሺያ ግን ምልክቱን መጠየቅ ትርጉም የለውም።

የከንፈር ቅባቱ ከሰምና ከሺያ ብቻ የተሠራ ነው፤ ወድጄዋለሁ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚዋ የማርና የሰም አምራች ስትሆን፣ ከሰሙ ብዙው የሚገኘው ጠጅ ቤቶች ከሚያወጡት ሰፈፍ ነው፤ ከሌላ ሥራ የተረፈ ነገር ለከንፈር መዋሉ የሚያስደስት ነው። በደንብ ያልተጣራ ሰም ግን ፕሮፖሊስ የተባለው የንብ ሙጫ ስለሚቀርበት አለርጂ ያለበትን ሰው ሊያስቆጣ ይችላል።

ማናቸውንም አዲስ ቅባት፣ የጋምቤላውንም ጨምሮ፣ ፊት ላይ ከማዋል በፊት በክንድ የውስጥ ክፍል ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን መሞከር የቆዳ ሐኪሞች የሚመክሩት ነው፤ ሁለት አዳዲስ ነገሮችንም አብሮ አለመጀመር ይገባል። መቅላቱ ካልተወ፣ ከቆሰለ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ሱቅ ሱቅ መዞሩን ትቶ የቆዳ ሐኪም ማየት ነው፤ በከተማዋ ለቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርት ሆስፒታል አለ። የተቀቡትን ሁሉ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ሐኪሙ በቅድሚያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ምን እንደተቀቡ ነው። የሱቋ ብልቃጦች ላይ ግን ከስሙ በቀር የንጥረ ነገር ዝርዝርም፣ የተመረተበት ቀንም አልተጻፈም። ሻጯ ስትጠየቅ በወረቀት ላይ በእጇ ጽፋ ትሰጣለች፤ በብልቃጡ ላይ እስኪታተም ድረስ ይህን ወረቀት ሳይቀበሉ ከሱቋ አለመውጣት ነው።